ጄሞልን ከፐብኬም ጋር ማገናኘት፦ ከጃቫ እስከ ሁለት ነጥብ

ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ለዓመታት ሚቴንን ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስስል ኖሬያለሁ። ሰሌዳ ላይ ሲሳል መስቀል ይመስላል፤ ተማሪዎቼም በቦንዶቹ መካከል ያለው ማዕዘን 90 ዲግሪ ነው ብለው ይይዙታል። እውነተኛው 109.5 ነው። ይህን በቃል ከመንገር ሞለኪውሉን ራሱን እያዞሩ ማሳየት ይሻላል። እኔ የምጠቀመው ጄሞል የተባለውን ሞለኪውል ማሳያ ፕሮግራም ነው። ነጻ ነው፤ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይሠራል፤ ሞለኪውሎችንም ራሱ ከኢንተርኔት ያመጣል።

ጄሞል የሚሠራው በጃቫ ነው፤ ስለዚህ ጃቫ ከሌላችሁ መጀመሪያ እሱን ጫኑ። ከዚያ ጄሞልን ሶርስፎርጅ ከተባለው ድረ ገጽ አውርዱ። የሚመጣላችሁ ዚፕ ፋይል ነው። ሁለቴ ክሊክ ስታደርጉት ውስጡ ስለሚታይ የተፈታ ይመስላል፤ አልተፈታም። ኤክስትራክት አድርጉትና በማይጠፋችሁ ፎልደር አስቀምጡት። ከፋይሎቹ መካከል ጄሞል የሚል ጃር ፋይል አለ፤ ፕሮግራሙን የሚያስነሳው እሱ ነው። እሱም እንደ ዚፕ ከተከፈተባችሁ ፋይሉ ተበላሽቶ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ በየትኛው ፕሮግራም እንደሚከፍተው ስቶ ነው። ራይት ክሊክ አድርጋችሁ በጃቫ እንዲከፍተው ምረጡለት።

አሁን ዋናው ነገር። «ፋይል» የሚለው ሜኑ ውስጥ «ጌት ሞል» የሚል አለ። ስትጫኑት የውህዱን ስም ይጠይቃችኋል። ስሙን በእንግሊዝኛ ብቻውን ከጻፋችሁ፣ ጄሞል የሚጠይቀው የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋምን አገልግሎት ነው። ከስሙ ፊት : ካስቀደማችሁ ግን ወደ ፐብኬም ይሄዳል። ፐብኬም ከ2004 ጀምሮ ያለ ነጻ የመረጃ ቋት ሲሆን ከ100 ሚሊዮን በላይ ውህዶች አሉት። እኔ ሁልጊዜ : አስቀድማለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የአማርኛው ኪቦርድ በርቶ ከሆነ የምትጽፉት የእኛን ሁለት ነጥብ፣ ማለትም ፡ ይሆናል። ለዓይን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ፍጹም የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። ካፌይንን ደጋግሜ ጠይቄ «የለም» ሲለኝ ጄሞልን አጥፍቼ እንደገና እስከመጫን ደርሻለሁ። ችግሩ ግን ኪቦርዴ ነበር። መጀመሪያ ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ ቀይሩ።

ከስም ይልቅ ቁጥር ይሻላል፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው። አንድ ውህድ ብዙ ስም ሊኖረው ይችላል፤ አንድ ስምም ከአንድ በላይ ቅርጽ ሊያመለክት ይችላል። በፐብኬም ግን እያንዳንዱ ውህድ ሲአይዲ የሚባል የራሱ ቁጥር አለው። ካፌይን 2519 ነው፤ አስፕሪን 2244። «ጌት ሞል» ላይ :2519 ብላችሁ ጻፉ። ከኬሚካል ጠርሙስ ላይ የምታገኙት የካስ ቁጥር ደግሞ ሌላ ነው፤ ከሲአይዲ ጋር አታምታቱት። የካፌይን ካስ ቁጥር 58-08-2 ነው። በትክክል መቅዳታችሁን በመጨረሻው አሃዝ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። እሱን ትታችሁ ሌሎቹን ከቀኝ ወደ ግራ በ1፣ በ2፣ በ3፣ በ4 እያባዛችሁ ደምሩ፦ 8፣ 0፣ 24፣ 20፤ ድምሩ 52። የ52 የመጨረሻ አሃዝ 2 ነው። ገጠመ።

ሞለኪውሉ ሲመጣ ምስሉን ብቻ አይታችሁ አትመኑ። ራይት ክሊክ አድርጋችሁ የሚወጣው ሜኑ ላይ የአቶሞችንና የቦንዶችን ብዛት ታገኛላችሁ። ካፌይን 24 አቶም አለው። ግሉኮስም 24 አለው፤ ስለዚህ አቶም መቁጠር ብቻውን አይበቃም። ቦንዶቹን ተመልከቱ፦ ካፌይን 25፣ ቀለበት የሠራው ግሉኮስ 24፣ ቀለበት ያልሠራው ግሉኮስ 23። ቦንዱ ላይ 1 ደምራችሁ አቶሙን ስትቀንሱ የቀለበቶቹን ብዛት ታገኛላችሁ። ካፌይን 2፣ ግሉኮስ 1 ወይም 0። ተማሪዎቼ ይህችን ስሌት በጣም ይወዷታል።

የፐብኬም ባለ ሦስት ገጽታ ቅርጾች በኮምፒውተር የተሰሉ እንጂ በላቦራቶሪ የተለኩ እንዳልሆኑ እወቁ። ለሁሉም ውህድም አይገኙም። የገበታ ጨውን ብትጠይቁ አታገኙም፤ ሞለኪውሉ በጣም ትልቅ ወይም በጣም ተጣጣፊ ከሆነም እንዲሁ። ለፕሮቲን «ጌት ፒዲቢ» የሚለውን ተጠቀሙ፤ ፒዲቢ የፕሮቲን ቅርጾች የመረጃ ቋት ነው፤ አራት ምልክት ያለው፣ በአሃዝ የሚጀምር መለያ ይፈልጋል። እዚያ ያሉት አብዛኞቹ በኤክስሬይ የተለኩ ስለሆኑ ሃይድሮጅኖቹ አይታዩም። ጎደለ ብላችሁ አትደንግጡ።

ብራውዘራችሁ እየሠራ ጄሞል ብቻ እምቢ ካለ፣ ኔትወርኩ ሳይሆን አይቀርም። አንድ የሠራሁበት ቦታ ኢንተርኔቱ በፕሮክሲ፣ ማለትም በአማላጅ ኮምፒውተር በኩል ነበር የሚያልፈው። ብራውዘሩ ያውቀዋል፤ ጃቫ አያውቀውም። በስልካችሁ ሆትስፖት ሞክሩት፤ ከሠራ ጥፋቱ የጄሞል አይደለም። ሆትስፖት ከሌለ ደግሞ በብራውዘር ፐብኬም ገብታችሁ፣ ከውህዱ ገጽ ላይ ባለ ሦስት ገጽታውን ቅርጽ በኤስዲኤፍ ፋይል አውርዱና ጎትታችሁ ጄሞል መስኮት ላይ ጣሉት። ይከፍተዋል። እኔ ለክፍል የሚያስፈልጉኝን ሁሉ ማታ በዚህ መንገድ አውርጄ፣ በሲአይዲ ቁጥራቸው ሰይሜ በፍላሽ እይዛለሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምታመጡት ሚቴን ይሁን፤ :297 ነው። አንዱን ሃይድሮጅን ሁለቴ ክሊክ አድርጉ፣ ካርቦኑን አንዴ፣ ሌላውን ሃይድሮጅን ሁለቴ። ማዕዘኑ መስመሩ ላይ ተጽፎ ታዩታላችሁ።