የፊት እግሩ የሚያንኳኳ መኪና፦ ጎማው ሲወጣ ነው ወይስ ሲወርድ?

ጎንደር ውስጥ ሚኒባስ ወይም የቆየ ሃይሉክስ የሚነዳ ሰው የፊት እግሩ ማንኳኳት ሲጀምር ከሁሉም አቅጣጫ የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ «ቶርሽኑን አጥብቀው፣ ፊቱ ከፍ ይበል» (ቶርሽን ማለት እንደ ስፕሪንግ እየተጠማዘዘ ፊቱን የሚሸከመው ረጅም ብረት ነው)። በዚህ ምክር ስንት ደህና መኪና ተበላሸ! እባካችሁ መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ነገር ለዩ። ድምፁ የሚመጣው ጎማው ወደ ላይ ሲገፋ ነው ወይስ ወደ ታች ሲንጠለጠል? የሁለቱ መፍትሄ የተለያየ ነው።

የማወራው ፊቱ ላይ ቶርሽን ባር ስላለው መኪና ነው። ዶልፊኑም አባዱላውም እንደዚያ ናቸው፣ ከቪጎ በፊት ከነበሩት ፎር ዊል ሃይሉክሶችም ብዙዎቹ። ፊቱ ባሌስትራ የሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። ደግሞ ጉድጓድ በሌለበት፣ መሪ ስታዞሩ ብቻ የሚንኳኳ ከሆነ መጀመሪያ ቦል ጆይንትና ቦኮላ አስፈትሹ፤ እሱ ለነገ የሚባል አይደለም።

ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ከደምቢያ ወይም ከሳንቃበር ስትመለሱ መኪናውን ወዲያው አታሳጥቡት። የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ከፊት ጎማው ጀርባ ተመልከቱ። ሁሉም ነገር አቧራና የደረቀ መረሬ ለብሷል። አርሙ (ጎማውን ከሻንሲው የሚያያይዘው ክንድ) ጫፍ ሲደርስ የሚያርፍባቸው ሁለት ትንንሽ የላስቲክ ማረፊያ ጎማዎች አሉ፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲወርድ የሚያቆመው። አቧራው ተፍቆ ጥቁርና አብለጭላጭ ሆኖ የሚታየው የትኛው ነው? የሚመታው እሱ ነው። ታጥቦ ከሆነ ጠመኔ ቀቡትና መጥፎ መንገድ ላይ ትንሽ ነድታችሁ እዩት።

«ቋ!» የሚል ደረቅ ድምፅ፣ ጉብታውን ካለፋችሁ በኋላ

ይሄ ጎማው ሲወርድ የሚመጣ ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከልክ በላይ የጠበቀ ቶርሽን ነው። ቶርሽን ማጥበቅ ብረቱን አያጠነክረውም፤ ውፍረቱም ርዝመቱም ያው ነው፣ የሚለወጠው መኪናው የሚቆምበት ከፍታ ብቻ ነው። ፊቱ ከፍ ሲል ጎማው ወደ ታች የሚሄድበት መንገድ ያልቃል፣ መኪናው ባዶውን ቆሞ እንኳ አርሙ ማረፊያው ላይ ተጣብቆ ታገኙታላችሁ። ሹፌሩ «ጠነከረ» የሚለው ይሄንን ነው። ፎር ዊል ከሆነ ደግሞ ወደ ጎማው የሚሄደው አክስል ከመጠን በላይ ስለሚያጋድል የአክስሉ መጋጠሚያ የላስቲክ ሽፋን ይቀደዳል፣ ግሪሱ ይረጫል።

መፍትሄው ማላላት ነው። ሻንሲውን በክሪክ አንሱት፣ ጠንካራ ድጋፍ ስሩለት፣ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ስር በፍጹም አትግቡ። ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ሳለ በቶርሽኑ የኋላ ጫፍ ያለችውን ረጅም ቡሎን አሁን ያለችበትን ምልክት አድርጉባትና በሁለቱም በኩል እኩል እያላላችሁ ሂዱ። መኪናው ከክሪክ እንደወረደ ከፍታውን አትለኩ፣ ገና አልተቀመጠም። ወደፊት ወደኋላ ንዱት፣ ፊቱን ጫን ጫን አድርጉት፣ ከዚያ ለጥ ያለ ቦታ ላይ ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለኩ። ከዚህ በኋላ አላይመንት ግዴታ ነው፤ ከፍታ ሲቀየር የጎማው አቋም ስለሚቀየር ጎማ በአንድ ጎን ይበላል። የፊት መብራቱንም አስተካክሉ።

«ድው!» ብሎ መሪው ላይ ሲሰማ

ጎማው ወጥቶ ጫፍ ነክቷል። ጭነት በዝቶ ይሆናል፣ ቶርሽኑ ደክሞ ይሆናል፣ ወይ ማረፊያው ጎማ ወድቆ ብረት ከብረት እየተገናኘ ነው። ማረፊያው ጎማ ከጠፋ ኦሪጅናሉን ፈልጉ። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ተቆርጦ የሚታሰረውን አልመክርም። ኦሪጅናሉ ጫፉ ቀጭን የሆነው መጀመሪያ በቀስታ እንዲታመቅ ነው፤ ድፍኑ ቁራጭ ግን ምቱን እንዳለ ለሻንሲው ያስተላልፋል።

ሾክ አብዞርበር እየተቀየረ ቶሎ ቶሎ ሲያፈስ

ዕቃው መጥፎ ነው ብላችሁ ሻጩን ከመውቀሳችሁ በፊት ርዝመቱን እዩ። ሾኩን ፍቱት፣ አርሙ እስከ ማረፊያው ይውረድ፣ ከዚያ የተዘረጋውን ሾክ በቦታው ለኩት። ካልደረሰ ጎማው ሲወርድ እያቆመው ያለው ሾኩ ነው ማለት ነው፣ እሱ ደግሞ ለዚህ አልተሰራም። ወደ ላይም እንደዚያው፣ ማረፊያው ጎማ ከሾኩ በፊት መንካት አለበት።

ጭኖ ዳገት ሲወጣ አፍንጫው ሲነሳና መሪው ሲቀል

እዚህ ላይ «እንደ ውድድር መኪና ፊቱን በሰንሰለት እንሰረው» የሚል ሐሳብ ይመጣል። እውነት ነው፣ አሜሪካ ውስጥ በአፈር ሜዳ የሚወዳደሩ መኪኖች ነዳጅ ሲረገጥ አፍንጫቸው እንዳይነሳ የፊቱን መንገድ በሰንሰለት ይገድባሉ። ሰንሰለቱ ሲወጠር ግን ጎማው ጉድጓዱን ተከትሎ መውረድ አይችልም፣ አየር ላይ ይቀራል። እነሱ የሚሮጡበት ሜዳ በግሬደር ተስተካክሎ፣ ውሃ ተረጭቶ የተዘጋጀ ነው። ከደባርቅ ወደ ጨነቅ በሚወስደው ጠጠር ላይ፣ ገደሉ በአንድ በኩል ሆኖ፣ አየር ላይ ያለ ጎማ አይመራም፣ ፍሬንም አይዝም። ሰው ለሚጭን መኪና ተዉት። ከባዱን ዕቃ ከፖርቶ መጋላው አውርዱ፣ ከኋላ ጎማው ወደፊት አስጠጉት፣ አብዛኛው ችግር እዚያው ያልቃል።

አንዱ ጎን ብቻ ዝቅ ብሎ ከሆነስ? መጀመሪያ የጎማ ንፋስ ለኩ፣ ቀጥሎ የቡሎኖቹን ርዝመት አወዳድሩ። ቡሎኑ እኩል ሆኖ መኪናው ካዘነበለ ቶርሽኑ ደክሞ ሊሆን ይችላል፣ ከደከመ ይቀየር። ስትገዙ የግራና የቀኝ ምልክቱን አይታችሁ ግዙ፤ አንዱን በሌላው ቦታ ማስገባት የለባችሁም።