ያው ቁርጭምጭሚት ለምን ደጋግሞ ወለም ይላል? እንዴትስ ማስቆም ይቻላል?

ደረጃ ስትወርዱ እግራችሁ ወለም አለ። ከወራት በኋላ ኳስ ስትጫወቱ ያው እግር። ከዚያ ደግሞ ደልዳላ መንገድ ላይ፣ ማንም ሳይነካችሁ፣ አሁንም ያው እግር። የእኔ ቀኝ ቁርጭምጭሚት በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆኗል። ሦስቱንም ጊዜ ያደረግሁት ተመሳሳይ ነበር። እብጠቱ እስኪጎድል አረፍኩ፣ ሕመሙ ሲተወኝ "በቃ ድኗል" ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ስህተቱ እዚያ ላይ ነበር። የሕመም መጥፋትና የመገጣጠሚያ መዳን ይለያያሉ።

ብዙ ሰው "አጥንቴ ከቦታው ወጣ" ይላል። እውነተኛ ውልቃት አለ፣ ትከሻ ላይ በብዛት እንደሚታየው። አጥንቱ ከጉድጓዱ ሲወጣ ቅርጹ ራሱ ያስታውቃል፤ የሚመለሰውም በሐኪም እጅ ነው። ቁርጭምጭሚት ላይ በአብዛኛው የሚደርሰው ግን ወለምታ ነው። እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ በውጭ በኩል ያሉት ጅማቶች ከልክ በላይ ይለጠጣሉ ወይም ይበጠሳሉ። በዚያ ጎን ሦስት ጅማቶች አሉ። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው ከፊት ያለው ነው። አጥንቱ እቦታው ነው፤ የላላው ማሰሪያው ነው።

ስለዚህ መጎተትና መጠምዘዝ ወደ ቦታው የሚመልሰው ነገር የለም። "ቋ" የሚለው ድምፅም አጥንት ሲገባ የሚሰማ አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. በካናዳ የሚገኙ ተመራማሪዎች ጣት እየተጎተተ ድምፅ ሲያወጣ በኤምአርአይ ቀርጸው አይተውታል። በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ክፍተት ሲፈጠር ነው የሚሰማው። ከድምፁ በኋላ ቀለል ሊላችሁ ይችላል። የተጎዳው ጅማት ግን በዚያ አልተጠገነም። አዲስ ጉዳት ላይ ከሆነ ደግሞ መጠምዘዙ ቁስሉን ያባብሰዋል።

ታዲያ ለምን ይደጋገማል? ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ጅማት ዝም ብሎ ገመድ አይደለም። እግር ወዴት እንዳዘነበለ ለአንጎል የሚነግሩ የነርቭ ጫፎች አሉት። ጅማቱ ሲቀደድ እነሱም ይጎዳሉ። ከዚያ በኋላ እግራችሁ ጠጠር ላይ ሲያርፍ መልእክቱ ይዘገያል። በባት ውጫዊ ጎን የሚወርዱት፣ እግርን ወደ ውጭ የሚመልሱት ጡንቻዎችም ዘግይተው ይነሳሉ። እነሱ እስኪደርሱ እግሩ ታጥፏል። ፍሪማን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ይህንን ሐሳብ ያቀረበው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው። እግራቸው ለሚከዳቸው ታካሚዎች የሰጡት መድኃኒትም የሚዛን ልምምድ ነበር። እኔ ይህንን ሳውቅ ነው ነገሩ የገባኝ። ጡንቻዬ ደካማ ስለነበር ብቻ ሳይሆን እግሬ ራሱን ማዳመጥ ስላቆመ ነበር የምወድቀው።

1. መጀመሪያ ስብራት አለመሆኑን አረጋግጡ

ሐኪሞች የኦታዋ መመሪያ የሚሉት ቀላል መለያ አላቸው። ከጉዳቱ በኋላ ወዲያውም አሁንም አራት እርምጃ መራመድ ካቃታችሁ ራጅ ያስፈልጋል። በውስጥና በውጭ ጎልተው የሚታዩት የቁርጭምጭሚት አጥንቶች ጫፋቸው ወይም የኋላ ጠርዛቸው (ከጫፉ እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ከፍታ) ሲነካ የሚያም ከሆነም እንደዚያው። የእግር መዳፍ ውጫዊ ጠርዝ መሃል ላይ ጎልቶ የሚዳሰሰው አጥንት ወይም ከውስጥ በኩል ከእግር ቅስት በላይ ያለው አጥንት ሲነካ ካመመም አትጠብቁ። ጣቶቻችሁ ከደነዘዙ ወይም ከቀዘቀዙ፣ ቅርጹም ከተዛባ በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

2. የመጀመሪያዎቹ ቀናት

በባንዴጅ ጠቅለል አድርጉት፣ ስትቀመጡ ከፍ አድርጉት። በረዶ ሕመም ያስታግሳል፤ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙት እንጂ ቆዳ ላይ በቀጥታ አታድርጉት። ግን ለሳምንታት አታስተኙት። ሕመሙ እንደፈቀደ እግራችሁን አንቀሳቅሱ። በእግራችሁ አውራ ጣት አየር ላይ ፊደል ጻፉ፣ ከሀ እስከ ፐ። ቁርጭምጭሚቱን በየአቅጣጫው ያፍታታዋል።

3. የጠፋውን መታጠፍ መልሱ

ይህንን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ከወለምታ በኋላ ቁርጭምጭሚት ወደ ፊት መታጠፍ ያቅተዋል። እንዲህ ለኩት። ግድግዳ ፊት ቁሙ። ተረከዛችሁ ሳይነሳ ጉልበታችሁ ግድግዳውን ይንካ። ከነካ እግራችሁን ትንሽ ወደ ኋላ አርቁና ድገሙት። ጉልበቱ ለመጨረሻ ጊዜ ሲነካ ከአውራ ጣት እስከ ግድግዳ ያለውን ርቀት ለኩ። በጤነኛው እግርም ድገሙት። የተጎዳው በ2 ሴንቲ ሜትር ወይም በላይ ካነሰ ያንኑ እንቅስቃሴ በየቀኑ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ሥሩት።

4. ጡንቻውን አጠንክሩ

የስፖርት ላስቲክ ጫፉን ከጠረጴዛ እግር ጋር እሰሩ፣ ሌላውን እግራችሁ ላይ አጥልቁ። እግራችሁን ቀስ ብላችሁ ወደ ውጭ ግፉ፣ ከዚያም ቀስ ብላችሁ መልሱ። መመለሻውን አታጣድፉት፤ ወለም በሚልበት ጊዜ ጡንቻው የሚሠራው ልክ እንዲህ እየተለጠጠ ነው። በሁለት እግር፣ በኋላም በአንድ እግር፣ በጣቶች ጫፍ ላይ መነሳትም ጨምሩ። ዳሌን አትርሱ። ዳሌ ሲደክም እግር መጥፎ ቦታ ላይ ያርፋል።

5. ሚዛን፣ ሚዛን፣ ሚዛን

አንድ ነገር ብቻ ለመሥራት ጊዜ ካላችሁ ይህንን ሥሩ።

በተጎዳው እግር ብቻ በባዶ እግር ቁሙ፣ 30 ሰከንድ። ግድግዳ ወይም ወንበር አጠገብ ይሁን። ሳትንገዳገዱ ከቻላችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑ። አብዛኛው ሰው ልዩነቱን የሚያየው እዚህ ላይ ነው። ጤነኛው እግር ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ የተጎዳው ይርገበገባል። ያ መርገብገብ መጥፎ ምልክት ነው ብላችሁ አትተዉት፤ እየተማረ ነው። ቀጥሎ ትራስ ላይ ቁሙ። ቀጥሎ ቆማችሁ ኳስ ቅለቡ ወይም በሌላኛው እግር ፊት፣ ጎንና ኋላ ያለውን መሬት ነካ ነካ አድርጉ።

በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት በቅርቡ ወለምታ የደረሰባቸውን 522 ስፖርተኞች ተከታትሏል። ግማሾቹ ከተለመደው ሕክምና በተጨማሪ ለ8 ሳምንታት፣ በሳምንት 3 ጊዜ፣ ቤታቸው የሚዛን ልምምድ ሠሩ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከሠሩት መካከል 22 በመቶው፣ ካልሠሩት ደግሞ 33 በመቶው እንደገና ወለም አላቸው። ውድ መሣሪያ ሳያስፈልግ፣ ሐኪም ሳይመላለሱ የተገኘ ውጤት ነው። ግን 8 ሳምንት ረጅም ነው። ብዙዎቻችን በሁለተኛው ሳምንት እንተወዋለን። ስለዚህ ካላችሁበት ልማድ ጋር አያይዙት። እኔ ጥርሴን ስቦርሽ ነው የምቆመው።

6. ወደ ሩጫና ኳስ መመለስ

በቀኑ ቁጥር ሳይሆን በእግሩ ችሎታ ወስኑ። በአንድ እግር ወደ ፊትና ወደ ጎን ዝለሉ። ከጤነኛው እግር ጋር እኩል ርቀት፣ ያለ ሕመምና ያለ ፍርሃት ካደረጋችሁት መጀመር ትችላላችሁ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ለጨዋታ የቁርጭምጭሚት መደገፊያ ልበሱ። ቀድሞ ለተጎዳ እግር ጥበቃው ጥሩ ነው። ጅማት ጥንካሬውን የሚያገኘው በወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በኋላ ነው።

ይህንን ሁሉ ለሦስት ወር በትክክል ሠርታችሁ እግሩ አሁንም ከከዳችሁ ወይም መገጣጠሚያው ውስጥ ጥልቅ ሕመምና መቆለፍ ካለ የአጥንት ሐኪም እዩ። በመገጣጠሚያው ውስጥ የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ልስልስ አጥንት (ካርቲሌጅ) ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፣ የላላውን ጅማት በቀዶ ሕክምና ማጥበቅም ይቻላል። አንዳንድ ሰው ደግሞ ከተፈጥሮው መገጣጠሚያው ሁሉ ልል ነው። የእጁ አውራ ጣት ክንዱን ይነካል፣ ክርኑና ጉልበቱ ወደ ኋላ ይታጠፋል። እንዲህ ከሆናችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፤ የልምምዱን ዓይነት ይቀይረዋል።

ደጋግሞ የሚወጣው ትከሻ ከሆነ ግን በራሳችሁ አትመልሱት፣ ሰውም እንዲጎትተው አትፍቀዱ። ነርቭና የደም ሥር በቅርብ ያልፋሉ። ወጣቶች ላይ ትከሻ አንዴ ከወለቀ የመደጋገም ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ ሲወጣ የመገጣጠሚያውን ከንፈር (በጉድጓዱ ዙሪያ ያለውን ልስልስ ጠርዝ) ገንጥሎት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ ጊዜ እስኪወጣ ሳትጠብቁ ከመጀመሪያው በኋላ ልምምድ ይበቃል ወይስ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል ብላችሁ ጠይቁ።