የተዘጋ መንገድን ከጂፒኤስ ዱካ መለየት፦ ለሐዋሳ የካርታ በጎ ፈቃደኞች

የሐዋሳን መንገዶች በጎ ፈቃደኞች በጋራ በሚሠሩት ነጻ ካርታ፣ በኦፕንስትሪትማፕ ላይ የምንሥል ሰዎች የመንገዱን መኖር ከሳተላይት ምስል እናያለን፤ ምስሉ ግን ከተነሣ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ሊያልፉት ስለሚችሉ መንገዱ ዛሬ ክፍት ይሁን ዝግ አይነግረንም። ይህን የሚጠቁመን በባጃጅ፣ በሞተር ወይም በእግር ስንጓዝ ስልካችን የሚመዘግበው ዱካ ነው።

ለመመዝገብ እንደ ኦስምአንድ ያለ መተግበሪያ ይበቃል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባጃጅ በ5 ሰከንድ ከ40 ሜትር በላይ ስለሚጓዝ፣ ነጥቦቹ በየ1 ወይም በየ2 ሰከንዱ እንዲመዘገቡ ያድርጉ፤ ከዚያ ከተራራቁ ተሽከርካሪው የዞረበት ቦታ በትክክል አይታወቅም። ዱካው በሚቀመጥበት የጂፒኤክስ ፋይል ውስጥ ያለው ሰዓት ዓለም አቀፉ (ዩቲሲ) በመሆኑ፣ 04:00 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው።

ዱካ አለመኖሩ ብቻውን የመዘጋት ማስረጃ አይሆንም። ስልኩን ከፍቶ በዚያ ሰፈር ያለፈ በጎ ፈቃደኛ ስለሌለ ብቻ ባዶ ሆነው የሚታዩ መንገዶች ብዙ ናቸው። ቀድሞ ዱካ የነበረበት መንገድ ከአንድ ቀን ጀምሮ ባዶ ሆኖ፣ በጎኑ ያለው መንገድ ዱካ ሲበዛበት ግን ጥርጣሬው ይጠነክራል። ከሁሉ የበለጠው ምልክት የተለያዩ ተሽከርካሪዎች አንድ ቦታ ደርሰው መመለሳቸው ነው፤ ከሌላው አቅጣጫ የሚመጡትም እንዲሁ ከተመለሱ፣ የተዘጋው ክፍል በሁለቱ መመለሻዎች መካከል እንዳለ መገመት ይቻላል። በዚያው መካከል የእግረኛ ዱካ ሳይቋረጥ ካለፈ፣ መንገዱ የተዘጋው ለተሽከርካሪ ብቻ ነው ማለት ነው።

ይሁንና መመለስ ሁሉ መዘጋት አይደለም። የባጃጅ ተራ መጨረሻ ላይ፣ ለምሳሌ በመናኸሪያ አካባቢ፣ ባጃጅ ተሳፋሪ አውርዶ መመለሱ የዕለት ሥራው ነው፤ መሐል አካፋይ ባለው ሰፊ መንገድ ላይም ዞሮ መመለስ የተለመደ ነው። ስለዚህ ወደ ቦታው ሳይሄዱ ካርታውን አይንኩ። ቁፋሮ፣ የኮብልስቶን ክምር ወይም አዲስ የብረት በር መኖሩን በዓይንዎ ይዩ፤ የአካባቢውን ባለሱቅ መቼ እንደተዘጋ፣ ባጃጅ ነጂውን ደግሞ «ያስወጣል?» ብለው ይጠይቁ።

ለሰዓታት ወይም ለአንድ ቀን የሚዘጋ መንገድ በካርታው ላይ አይገባም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 በቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል፣ እንዲሁም ፍቼ ጫምባላላ በጉዱማሌ ሲከበር፣ የዚያ ቀን ዱካ በመመለሻ ቢሞላ አያስገርምም። ብዙ ሰዎች ቀድመው ያወረዱትን ካርታ ያለ ኢንተርኔት ስለሚጠቀሙ፣ የመዘጋቱ ወሬ የሚደርሳቸው መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ይሆናል። ለወራት የሚቆይ ግንባታ ከሆነ ግን መስመሩን በሁለቱ መመለሻዎች ላይ ቆርጠው፣ መካከሉን ብቻ በግንባታ ላይ ያለ መንገድ ብለው ይመዝግቡት። የነበረውን የመንገድ ደረጃ ያቆዩለት፤ መስመሩንም በፍጹም አይሰርዙት። እግረኛ የሚያልፍ ከሆነ ይህን መመዝገብ አይዘንጉ፤ ተማሪዎችና ጉሊት የሚወጡ እናቶች በዚያ ያልፋሉና።

ዱካውን ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ጭነው ለሌሎች ሲያጋሩ፣ ማን ምን ያህል እንዲያይ ከሚወስኑት ምርጫዎች «ትራከብል» የሚለውን ይምረጡ። ይህ ምርጫ ስምን ሳያሳይ የነጥቦቹን ቅደም ተከተልና ሰዓት ይጠብቃል፤ «ፕራይቬት» በሚለው ግን ቅደም ተከተሉ ስለሚጠፋ ሌላው ሰው መመለሻውን ከነጥቦቹ ማንበብ አይችልም። ዱካ የሰው መኖሪያ የት እንደሆነ ስለሚያጋልጥ፣ ከመጫንዎ በፊት መነሻውንና መድረሻውን ይቁረጡ፤ የባጃጅ ነጂ ዱካ ከሆነም አስቀድመው ፈቃዱን ይጠይቁ። የለውጡ ማብራሪያ ላይ መንገዱን በአካል ያዩበትን ቀን ይጻፉ። ከዚያ በኋላ አዲስ የተሽከርካሪ ዱካ ሳይመለስ ቀጥ ብሎ ሲያልፍ ካዩ፣ መንገዱ መከፈቱን ሄደው አረጋግጠው ወደ ቀድሞ ደረጃው ይመልሱት።