ፒኮ ላይ ፓይተን ልትጭኑ ስትሉ መጀመሪያ ገመዱን ፈትሹ

ፒያሳ መንገድ ዳር ከሚሸጡት የማይክሮ ዩኤስቢ ገመዶች አንዳንዶቹ ለቻርጅ ብቻ ናቸው፤ ዳታ አያሳልፉም። ከስልክ ወደ ኮምፒውተር ፎቶ የሚያስገለብጥ ገመድ ከሆነ ለራስፕቤሪ ፓይ ፒኮም (በኮድ የምናዝዘው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) ይሠራል።

ቡትሴል የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ እንደያዛችሁ ገመዱን ሰኩ፣ ከዚያ ልቀቁት። ቦርዱ እንደ ፍላሽ ዲስክ ብቅ ይላል፤ የማይክሮፓይተኑን (ለትንንሽ ቦርዶች የተዘጋጀ ፓይተን) ፋይል እዚያ ላይ ኮፒ አድርጉ። ዲስኩ ወዲያው ከስክሪኑ ቢጠፋ አትደንግጡ፣ ቦርዱ ራሱን ሪስታርት አድርጎ ነው።

ዋናው ራስ ምታት ራሙ (ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ሜሞሪ) ነው። 264 ኪሎባይት ብቻ ነው ያለው፣ ከዚያም ላይ ማይክሮፓይተን የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ሉፕ ውስጥ ጽሑፍን በመደመር ምልክት እየቀጠላችሁ አታርዝሙ። በየዙሩ አዲስ ጽሑፍ ስለሚፈጠር ራሙ ይበጣጠስና ባዶ ቦታ እያለ እንኳ «ሜሞሪ ኤረር» ብሎ ይቆማል። መጠኑ የተወሰነ ባይትአሬይ (ዳታ የሚቀመጥበት የባይቶች ረድፍ) አንዴ ፍጠሩና እሱኑ ደጋግማችሁ ሙሉት።

የሴንሰር ንባብ የቦርዱ ፍላሽ (መብራት ቢጠፋም ዳታ የሚይዝ ማከማቻ) ላይ የምታስቀምጡ ከሆነ ደግሞ ቦርዱ እየጻፈ ሳለ መብራት ሊሄድና ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። 10 ንባብ ራም ላይ አጠራቅሙ፣ በአንድ ጊዜ ጻፉ፣ ፋይሉን ወዲያው ዝጉት።