የድንጋይ ካባ ልታስፋፉ ነው? መጀመሪያ አሮጌውን ጉድጓድ እዩ

ጠጠር ተፈላጊ ነው። መንገዱም ፎቁም ይጠይቀዋል። ስለዚህ ካባው፣ ማለትም ድንጋዩ የሚቆፈርበት ቦታ፣ በየጊዜው «ትንሽ ወደዚያ ልግፋ» ይላል። ያ «ወደዚያ» ግን የአንድ ገበሬ ማሳ ነው፤ ወይም የመንደሩ ምንጭ። ቦታው መስፋትን ይችል እንደሆነ ከታች ባለው መንገድ ማየት ይቻላል። ባለሙያን አይተካም። ባለሙያው ሲመጣ ግን ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።

1. ወደ አሮጌው ጉድጓድ ውረዱ። አዲሱን መሬት ከማየታችሁ በፊት ማለት ነው። የላይኛው ለም አፈር ለብቻው ተከምሯል ወይስ ከፍርስራሹ ጋር ተደባልቋል? ግድግዳው ደረጃ እየሠራ ነው የወረደው ወይስ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል? ከጫፉ በላይ መሬቱ ተሰንጥቋል? ሥራው ያለቀበት ክፍልስ ተሞልቷል? ለእኔ ዋናው ፈተና ይሄኛው ነው። ክረምት ላይ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ለልጆች መዋኛ ይመስላቸዋል። ጠርዙ ቀጥ ያለ ስለሆነ የገባ ልጅ መውጫ ያጣል። የትናንቱን ጉድጓድ ያልደፈነ ሰው አዲስ መሬት መጠየቅ የለበትም።

2. ውሃውን ለኩ። በዙሪያው ያሉትን የውሃ ጉድጓዶችና ምንጮች እየዞራችሁ መዝግቡ። ገመድ ጫፍ ላይ ክብደት አስራችሁ ውሃው በስንት ሜትር እንደሚገኝ ግንቦት ላይ ለኩ፤ መስከረም ላይ ድገሙት። ወሳኙ የመስከረሙ ነው፤ ከክረምቱ በኋላ ውሃው ወደ ላይ ይወጣል። ከዚያ ቀያሽ ጠርታችሁ የውሃውን ከፍታ ካባው ሊወርድ ካሰበበት ወለል ጋር አስተያዩት። ወለሉ ከውሃው በታች ከሆነ ካባው ውሃ በፓምፕ ማውጣት ይጀምራል፣ የጎረቤትም ጉድጓድ ሊደርቅ ይችላል።

የድንጋዩም ዓይነት ለውጥ ያመጣል። ለአዲስ አበባ ውሃ የሚሰጡት የአቃቂ ጉድጓዶች በአብዛኛው የሚቀዱት ቀዳዳ ከበዛው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ሬድ አሽ እያልን ለመንገድ የምንቆፍረው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ድንጋይ ዝናብን ቶሎ ያሰርጋል። ከኤክስካቫተር የፈሰሰ ናፍጣንም ያሰርጋል። ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ድንጋይ ደግሞ ውሃ የሚያሳልፈው በስንጥቁ ስለሆነ፣ ስንጥቁ ወዴት እንደሚያመራ ጂኦሎጂስት ይይላችሁ።

3. አቧራውን ያዙ። ነጭ ሳህን በየአቅጣጫው ባሉ ቤቶች ግቢ አስቀምጡና ከሦስት ቀን በኋላ ተመልከቱ። ክሬሸሩ (ድንጋይ መፍጫው ማሽን) በሚሠራበትና በቆመበት ሳምንት አወዳድሩ። የጌሾና የጎመን ቅጠልም ይናገራል።

4. ድንጋይ የሚሰበርበትን ፍንዳታ በጀሶ መርምሩ። የአካባቢው ሰው «ቤቴ ተሰነጠቀ» ካለ አትከራከሩ። ስንጥቁን አቋርጣችሁ ቀጭን ጀሶ ለጥፉበት፣ ቀኑን ጻፉበት። ከቀጣዩ ፍንዳታ በኋላ ጀሶው ከተሰበረ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነው። ካልተሰበረ ስንጥቁ የድሮ ሊሆን ይችላል፤ ግን ለጥቂት ወራት መከታተል ያስፈልጋል።

5. የማይነካውን ለዩ። የመቃብር ቦታ፣ የቤተ ክርስቲያን ደን፣ የከብት መሄጃ፣ የጎርፍ መውረጃ። እነዚህን በስልካችሁ ጂፒኤስ ካርታ ላይ አስገቧቸው። የቀረው መሬት ጠባብ ከሆነ ማስፋፋቱ አይሆንም፤ በቃ።

6. ወረቀቱን ጨርሱ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ያለ ፈቃድ እንዳይጀመር ይከለክላል። የነዋሪው አስተያየትም እንዲካተት ያዛል። ወደ ክልላችሁ የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ስትሄዱ የመዘገባችሁትን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ።

የነዋሪዎች ስብሰባ ሲጠራ ሰዓቱ ውሃ ከሚቀዳበት ጊዜ ጋር እንዳይጋጭ አድርጉ። ምንጩ በየትኛው ወር እንደሚቀንስ የሚያውቁት እንስራና ጄሪካን ተሸክመው የሚመላለሱት ሴቶች ናቸው።