የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት በማኅበራዊ ሚዲያ ከወላጆችና ከኅብረተሰቡ ጋር እንዴት ይገናኛል?

በነሐሴ ወር አንዲት እናት ልጇን ለአንደኛ ክፍል የምታስመዘግብበትን ቀን ፍለጋ የወረዳዋን ትምህርት ጽሕፈት ቤት የፌስቡክ ገጽ ብትከፍት፣ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኘው የስብሰባ ፎቶግራፍ ነው፤ ኃላፊዎች ከፊት ተደርድረዋል፣ ከጀርባቸው ባነር ተሰቅሏል፣ ከሥሩም «የዕቅድ አፈጻጸም ግምገማ ተካሄደ» የሚል ዜና ተጽፏል። የምዝገባው ቀን ግን የትም የለም። እናትየዋ ታክሲ ተሳፍራ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ትሄዳለች፣ ጥበቃውን ትጠይቃለች፣ «ሰኞ ይመለሱ» ተብላም ትመለሳለች። የሚከተሉት ደረጃዎች ይህን ምልልስ ለማስቀረት ለሚፈልጉ የጽሕፈት ቤት ባለሙያዎች፣ ርዕሰ መምህራንና የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባላት የተዘጋጁ ናቸው።

ደረጃ 1፦ የወላጆችን ጥያቄ መዝግቡ

ሥራው የሚጀምረው በደብተር ነው። በጽሕፈት ቤቱ የእንግዳ መቀበያና በየትምህርት ቤቱ በር ላይ አንድ አንድ ደብተር ይቀመጥና፣ ባለጉዳይ በመጣና ስልክ በተደወለ ቁጥር የተጠየቀው ነገር በአንድ መስመር ይጻፍ። ሁለት ሳምንት ይበቃል። ጥያቄዎቹ ጥቂት ሆነው እጅግ ተደጋጋሚ መሆናቸው ወዲያው ይታያል፦ ምዝገባ መቼ ይጀምራል፣ ምን ሰነድ ይያዛል፣ ከሌላ ወረዳ የመጣ ተማሪ መሸኛውን ከየት ያመጣል፣ መጽሐፍ መቼ ይታደላል፣ የደንብ ልብሱ ቀለም ተቀይሯል ወይ፣ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና መቼ ይሰጣል። ገጹ በመጀመሪያው ዓመት ስለ ምን እንደሚጽፍ ከዚህ የተሻለ የሚነግር ዕቅድ አይገኝም።

ከዚህ ጎን ለጎን፣ በሐምሌና በነሐሴ በሚሞላው የምዝገባ ቅጽ ላይ ሦስት መስመሮች ይጨመሩ፦ ወላጁ የሚይዘው ስልክ ስማርት ነው ወይስ ተራ፤ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ ወይም ሌላ መተግበሪያ ይጠቀማል ወይ፤ መልእክት በየትኛው ቋንቋ ቢደርሰው ይመርጣል። ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ነገር ግን አማርኛና አፋን ኦሮሞ፣ ወይም አማርኛና ሌላ ቋንቋ ጎን ለጎን በሚነገርበት ከተማ፣ በአንድ ቋንቋ ብቻ የሚወጣ ማስታወቂያ የሚደርሰው ለኅብረተሰቡ ከፊል ብቻ ነው።

ደረጃ 2፦ አንድ ዋና መድረክ ምረጡ

ሁሉም ቦታ ለመገኘት ሲባል አራትና አምስት ገጽ ከፍቶ ሁሉንም ባዶ ማድረግ የተለመደ ስሕተት ነው። በእኔ ግምት ለአብዛኛው ወረዳ ዋናው መድረክ የቴሌግራም ቻናል ቢሆን ይሻላል። ፌስቡክ ጽሑፎችን በራሱ ስሌት እየመረጠ ስለሚያሳይ፣ ሰኞ የተለጠፈ የምዝገባ ማስታወቂያ ለአንዳንዱ ወላጅ ምዝገባው ካለቀ በኋላ ሊታየው ይችላል። የቴሌግራም ቻናል ግን መልእክቶችን በወጡበት ቅደም ተከተል ያደርሳል፤ የቆየ ማስታወቂያ በቃል ተፈልጎ ይገኛል፤ ተከታዮችም የእርስ በርስ ስማቸውንና ስልካቸውን አያዩም። በዋትስአፕ ግሩፕ ውስጥ በአንጻሩ የአባላቱ ስልክ ቁጥር ለሁሉም ይታያል፤ ይህ ለአንድ ክፍል ወላጆች ቢያስኬድም ለወረዳ አይመከርም። ፌስቡክ ከወረዳው ውጭ ላሉ ሰዎች፣ በተለይ የተማሩበትን ትምህርት ቤት ለመርዳት ለሚፈልጉ በውጭ አገር ነዋሪ ለሆኑ የቀድሞ ተማሪዎች፣ እንደ ሁለተኛ መድረክ ይጠቅማል።

ደረጃ 3፦ ገጹን የጽሕፈት ቤቱ ንብረት አድርጉ

ብዙ ገጾች የሚሞቱት የከፈታቸው ባለሙያ ሲዛወር ነው። ቻናሉ በግል ስልኩ የተከፈተ ስለሆነ ሠራተኛው ይዞት ይሄዳል፤ ተተኪው ደግሞ በተመሳሳይ ስም ሌላ ይከፍታል፤ ወላጅ የትኛውን እንደሚያምን ግራ ይገባዋል። ስለዚህ ሲም ካርዱ በጽሕፈት ቤቱ ስም ይውጣ፤ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይከፈት፤ የይለፍ ቃሉ ታሽጎ በመዝገብ ቤት ይቀመጥ፤ ከአንድ በላይ አስተዳዳሪ ይሰየም። ሠራተኛ ሲለቅ ኮምፒዩተርና ወንበር እንደሚያስረክብ ሁሉ የገጹም ርክክብ በቅጹ ላይ ይስፈር።

ስም አስመስለው የሚከፈቱ የሐሰት ቻናሎች ስላሉ፣ ትክክለኛው አድራሻ በትምህርት ቤቶች በር፣ በማስታወቂያ ሰሌዳና በተማሪዎች የውጤት ካርድ ላይ ይታተም። ማኅተም ካረፈበት ወረቀት ላይ የተገኘ አድራሻ ለወላጅ በቂ ማረጋገጫ ነው።

ደረጃ 4፦ ማስታወቂያውን ለወላጅ ጻፉ

የቢሮ ደብዳቤ ከበላይ አካል ወደ በታች አካል የሚጻፍ ስለሆነ ቁም ነገሩ የሚመጣው «ጉዳዩ»ን፣ የቀደመውን ደብዳቤ ቁጥርና የመመሪያውን አንቀጽ ከጠቀሰ በኋላ፣ በሦስተኛው አንቀጽ ላይ ነው። ይህንኑ ደብዳቤ በስልክ አንሥቶ መለጠፍ ሥራ የሚያቀል ይመስላል፤ ነገር ግን በትንሽ ስክሪን ላይ ፊደሉ አይነበብም፣ ምስሉ ዳታ ይበላል፣ በውስጡ ያለው ጽሑፍም በፍለጋ አይገኝም። ማኅተሙ ግን እምነት ያሳድራልና ደብዳቤው ጨርሶ አይቅር፤ ከላይ በጽሑፍ ዋናው መልእክት ይቅደም፣ ደብዳቤው ከሥሩ ይያያዝ። ለምሳሌ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«የአንደኛ ክፍል ምዝገባ ከሰኞ ነሐሴ 12 እስከ አርብ ነሐሴ 23 ይካሄዳል። ሰዓቱ ከጠዋቱ 2:30 እስከ ከሰዓት በኋላ 11:00 ነው። ቦታው በአቅራቢያዎ የሚገኘው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። የልጁን የልደት ምስክር ወረቀትና ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ይዘው ይምጡ። የመመዝገቢያ ክፍያ የለም።»

በዚህ ናሙና ውስጥ የሳምንቱ ቀን ከወሩ ቀን ጋር፣ ሰዓቱም «ከጠዋቱ» እና «ከሰዓት በኋላ» ከሚሉት ቃላት ጋር መቀመጡን ልብ ይበሉ። የብዙ ሰው ስልክ በፈረንጅ ሰዓት ስለሚቆጥር፣ «2:30» ብቻ ተብሎ ቢጻፍ ከሰዓት በኋላ ተጉዞ የሚመጣ ወላጅ አይጠፋም። «ክፍያ የለም» የሚለው አጭር ዐረፍተ ነገርም ቢሆን ያለ ምክንያት አልገባም፤ ከምዝገባ ጋር ተያይዞ ገንዘብ ቢጠየቅ ወላጅ እንዲጠይቅ መብቱን ያሳውቀዋል።

ማንበብ ለማይችሉ ወላጆችና አያቶች ይኸው ማስታወቂያ ከአንድ ደቂቃ ባልበለጠ የድምፅ መልእክት ይነበብ። ርዕሰ መምህሩ ወይም ወላጆች የሚያውቋት መምህርት ብታነብበው የበለጠ ይደመጣል። በእያንዳንዱ ማስታወቂያ መጨረሻ ደግሞ #ምዝገባ፣ #ፈተና፣ #ምገባ የሚሉ ቋሚ መለያዎች ይቀመጡ።

ደረጃ 5፦ ለሚጠየቀው መልስ ስጡ

ከቻናሉ ጋር የውይይት ግሩፕ ማያያዝ ይቻላል። ይህን ማድረግ ያለበት ግን መልስ የሚሰጥ ሰው የመደበ ጽሕፈት ቤት ብቻ ነው፤ ጥያቄ ተከምሮ መልስ የማይሰጥበት ገጽ ከተዘጋ ቢሮ ይልቅ ያናድዳል። አንድ ባለሙያ በሥራ ቀናት ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ከሥራ መውጫ በፊት፣ ጥያቄዎችን እንዲያይ ይመደብ፤ ይህም ሰዓት በገጹ ላይ ይጻፍ። መልሱ ባይታወቅ እንኳ «ጥያቄዎ ለፈተና ክፍል ተመርቷል፣ እስከ ሐሙስ እንመልሳለን» ማለት ተገቢ ነው፤ ሐሙስ ሲደርስ ግን መመለስ ግድ ይላል።

ቅሬታን መሰረዝ አይገባም። ስድብ፣ የብሔር ወይም የሃይማኖት ጥላቻና የግለሰብ ስም ማጥፋት እንደሚነሣ በግልጽ የተጻፈ ደንብ ከግሩፑ አናት ላይ ይለጠፍ፤ «መጸዳጃ ቤቱ ውኃ የለውም» የሚል አስተያየት ግን ይቆይና ምላሽ ይሰጠው። የአንድን ልጅ ስም ወይም ውጤት የሚያነሣ ጉዳይ ከሆነ ወላጁ ወደ ቢሮ ወይም ወደ ግል መልእክት ይጋበዝ።

ደረጃ 6፦ ልጆቹን ጠብቁ

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የተማሪ መረጃን በዘፈቀደ መለጠፍ የሕግ ጥያቄም ያስነሣል። የተማሪዎች ስም ከነውጤታቸውና ከነደረጃቸው በገጽ ላይ አይውጣ። ፎቶግራፍ የሚነሣው ወላጅ በምዝገባ ቅጹ ላይ በፊርማ የፈቀደለት ልጅ ብቻ ይሁን፤ ሲለጠፍም ሙሉ ስምና የመኖሪያ አካባቢ አብረው አይጻፉ።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በመስከረም ወር ደብተርና ቦርሳ ሲታደል፣ በለጋሹና በባለሥልጣኑ መካከል አንገቱን ደፍቶ የቆመ ሕፃን ፎቶግራፍ በብዙ ገጾች ላይ ይወጣል። ልጁ በማግስቱ ክፍል ሲገባ ጓደኞቹ ያንን ምስል አይተውታል። የደብተሩን ክምር፣ የተጠናቀቀውን መማሪያ ክፍል ወይም ለጋሹን ብቻ ማሳየት ይቻላል።

ደረጃ 7፦ አሉባልታ ከመነሣቱ በፊት ተዘጋጁ

በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ፈተናው ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱ ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ በፈተና ሰሞን «መልስ አለን» የሚሉ ቻናሎች ከወላጅ ገንዘብ ሲለምኑ ማየት የተለመደ ሆኗል። የወረዳው ገጽ ፈተናው ከመድረሱ በፊት ማስጠንቀቂያውን ማውጣት አለበት። «ትምህርት ተዘጋ» ዓይነት ወሬ ሲነሣም ማን አጣርቶ፣ ማን ፈቅዶ፣ ማን እንደሚለጥፍ ቀድሞ ይወሰን፤ መግለጫውም ወሬውን በመድገም ሳይሆን «ነገ ትምህርት በመደበኛ ሰዓት ይቀጥላል» በሚል እውነታ ይጀምር። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ በሚሰራጭ ሐሰተኛ መረጃ ላይ ቅጣቱን ከፍ ስለሚያደርግ፣ ያልተጣራ ነገር ከሌላ ገጽ ማጋራት ለባለሙያውም አደጋ አለው።

ደረጃ 8፦ መረብ የማይደርስበትን አትርሱ

ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለአምስት ወራት ያህል ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገሪቱ ተገድበው ነበር። በቻናል ብቻ የተመካ ጽሕፈት ቤት እንዲህ ባለ ጊዜ ድምፁ ይጠፋል። ስለዚህ ዋና ዋና ማስታወቂያዎች በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይላኩ፤ ታትመው በትምህርት ቤት በር፣ በቀበሌ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ አጥር ላይ ይለጠፉ፤ ለዕድር ዳኞችም ይሰጡ። የዕድር ለፋፊ ባለበት ሰፈር እርሱን የሚስተካከል መድረክ የለም፤ ማስታወቂያው አጭር ሆኖ ከተጻፈ ሳይጨምር ሳይቀንስ ይለፍፈዋል።

ደረጃ 9፦ ገንዘቡንና ውጤቱን አሳዩ

«ትምህርት ለትውልድ» በሚለው ንቅናቄም ሆነ በሌላ መንገድ ከኅብረተሰቡ መዋጮ ሲሰበሰብ፣ ምን ያህል ገባ፣ በምን ደረሰኝ፣ ለምን ዋለ፣ ምን ቀረ የሚለው በየወሩ ይለጠፍ። ጣሪያው ሲያፈስ የነበረው ክፍል ከጥገናው በፊትና በኋላ ከአንድ ቦታ ላይ ሆኖ የተነሣ ፎቶግራፍ ከረጅም ሪፖርት ይልቅ ያስረዳል። ወላጅ ሁለተኛ ጊዜ ሲለመን ይህንን ያስታውሳል።

በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት መጨረሻ ላይ ደብተሩ እንደገና ለሁለት ሳምንት በበሩ ላይ ይቀመጥ። የ«ላይክ» ብዛት ብዙ አይናገርም፤ ስለ ምዝገባ የሚጠይቁ ሰዎች በደብተሩ ላይ ከቀነሱ ማስታወቂያው ደርሷል ማለት ነው፤ ስለ መሸኛ የሚጠይቁት ካልቀነሱ ደግሞ የመሸኛው ማስታወቂያ እንደገና ይጻፍ፣ ከመለጠፉም በፊት ለአንዲት ወላጅ ተነብቦላት ምን እንደገባት ትጠየቅ።