ፎቶው ይደር

ጣና ዳር ፎቶ ተነስታችሁ ከለጠፋችሁ በኋላ ስንት ላይክ እንደመጣ ለማየት ስልካችሁን ደጋግማችሁ የምትከፍቱ ከሆነ ይቺን ሞክሩ። ፎቶውን አንሱ፣ ግን አትለጥፉት። ይደር። በማግስቱም መለጠፍ ካሰኛችሁ ለጥፉት። ብዙ ጊዜ አያሰኛችሁም።

ለምን ይሠራል? ስልኩን ቶሎ ቶሎ የሚያስከፍተን ላይኩ ብቻ አይደለም፤ መቼ እንደሚመጣ አለማወቃችን ነው። አንዴ ትከፍታላችሁ፣ አምስት ሰው ወዶታል። አንዴ ትከፍታላችሁ፣ ባዶ። ቁማርም ሰውን የሚይዘው በዚሁ ነው። ፎቶው ካደረ ግን ጉጉቱ ይበርዳል። ዘጌ ተሻግራችሁ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስትገቡም ሥዕሎቹን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ያን ሁሉ ሥዕል ጀርባ ሰጥቶ ሰልፊ የሚነሳ ሰው፣ እውነት ለመናገር፣ አይገባኝም።

ፎቶው አድሮም ላይክ መቁጠሩ ካልለቀቃችሁ ቁጥሩን ደብቁት። ኢንስታግራምና ፌስቡክ ይህን ምርጫ በ2021 እ.ኤ.አ. ለሁሉም ከፍተዋል። ኢንስታግራም ላይ ከለጠፋችሁት ፎቶ በላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ስትነኩ ታገኙታላችሁ። ባለቤቱ ፈልጎ ከገባ ቁጥሩን ማየቱ አይቀርም፤ ቢሆንም ሁሌ ፊት ለፊት አይደቀንም።

በጀልባ እንግዳ የምታመላልሱ፣ ዓሣ የምትሸጡ ወይም ገጽ ከፍታችሁ የምትነግዱ ግን ይሄን ምክር ተዉት። ለእናንተ ፎቶው ማስታወቂያ ነው፤ ትኩስ ዓሣ ደግሞ ማደር አይወድም።